ከፍ አድርገሽ እሰሪው

እንቅልፍ ከእኔ ጋር ከተኳረፈ ቆይቷል፤ ዛሬ ግን ጭራሽ ደጄንም አልረገጠም። መስኮቱን ዘግቼ፣ መጋረጃውን ጎትቼ፣ ትራሱን ገልብጬ፣ እንደገና ገልብጬ፣ የጄኖቫ የቀትር ፀሐይ ግን በመዝጊያው ስንጥቅ ገብታ እግሬ ላይ ጋደም ብላለች፤ እሷስ ተኛች። እኔ ከንጋት ጀምሬ የጨዋታ ቤቱን ወለል ስወለውል አርፍጄ የመጣሁት፣ አጥንቴ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ጆሮዬ ውስጥ ግን የዚያ የጨዋታ ማሽን ዜማ አልበርድ ብሏል፤ ውሃው ሲሞላ የሚጀምረው፣ እየፈጠነ እየፈጠነ የሚሄደው ዜማ። ሰዓቴን አየዋለሁ። የሚቆጥረው እንደ አገሬ ነው፤ ጣሊያኖች ቀትርን አሥራ ሁለት ይሉታል፣ ይበሉ፣ አገራቸው ነው፤ እኔ ክፍል ውስጥ ግን ስድስት ሰዓት ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን ወደ ስልክ ቤቱ እወርዳለሁ፣ ናዝሬት ውስጥ ጓደኛዬ ዘርፉ በምትሠራበት ሆቴል ስልኩ ይጮኻል፣ እናቴም ከስልኩ አጠገብ ትኖራለች፤ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከመተሐራ በባቡር መጥታ፣ ከጣቢያው በጋሪ ሄዳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ትጠብቀኛለች። ባለፈው ወር ግን አልነበረችም። ስልኩን ያነሳችው ዘርፉ ናት፤ ውሃው ሐዲዱ ድረስ ደርሷል አሉ፣ ባቡር በዚያ በኩል ከመጣ ቀናት አልፈዋል፣ እናትሽንም ያየ የለም አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚታየኝ ውሃ ነው።

ሐይቁ በሰቃ ይባላል። ልጅ ሳለን ሐይቅ ብሎ መጥራት ራሱ ያሳፍር ነበር፤ ሰፋ ያለ ኩሬ ነገር ነበር፣ ከብት ዙሪያውን ይግጣል፣ እኛ ዳር ዳሩን እንሯሯጣለን። አባቴ ሰንበታ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሸንኮራ ሊቆርጥ ከሞጆ ወደ መተሐራ ሲመጣ ቤቱን ከውሃው እጅግ አርቆ ነው የሠራው፤ እናቴ እልፍነሽ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ መንገዱ ረዘመብኝ እያለች ታማርረው ነበር። ከዚያ ውሃው ራሱ ወደ እሷ መምጣት ጀመረ። ሲዘንብ ይመጣል፣ ድርቅ ሲሆንም ይመጣል፣ ወንዝ አልገባበት፣ ጎርፍ አልተለቀቀበት፣ ዝም ብሎ ያድጋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ዘንድሮ አንድ ማሳ፣ ለከርሞ አንድ ግራር። መሐንዲሶች መለኪያቸውን ተሸክመው መጡ፤ አንዱ ከእርሻ የተረፈ ውሃ ነው አለ፣ ሌላው የለም ከመሬት ሥር የሚፈላ ፍልውሃ ነው አለ፣ ሦስተኛው ምሳውን በልቶ ሄደ። ከብት አርቢው ከረዩ ጎረቤታችን ኦቦ ገርባ ግን ሳይለኩ ነው የነገሩን፤ ከፈንታሌ ተራራ ሥር የተኛችው እባብ ጎኗን ለወጠች፣ ውሃውም ቦታ እያሰፋላት ነው አሉ። ፈንታሌ ድሮ እሳት የተፋ ተራራ ነው፣ ጥቁር ድንጋዩ እስከ ሐይቁ ድረስ ፈስሶ ደርቋል፣ ጎኑ ላይ ዛሬም እንፋሎት ይተነፍሳል፤ አንድ ክረምት ደግሞ ሜዳው ከመሬት ተነስቶ ተሰንጥቆ የኦቦ ገርባን ላም ከነቃጭሏ ዋጠ። እንግዲህ እባብ የለም የሚል እሱ ላሟን ያውጣ።

እናቴ ከዚያ ውሃ ፊት አልነቃነቅ ያለችው በወንድሜ በባጫ ምክንያት ነው። ባጫ ሶማሌ ሲወርረን ሚሊሺያ ሆኖ ዘመተ፤ ከዚያ ወዲያ የገባበት አልታወቀም። ሞተ የሚል ወረቀት አልመጣ፣ ተማረከ የሚል ወሬ አንዴ መጥቶ ተመለሰ፣ ቀበሌው እንኳን ምን ብሎ እንደሚመዘግበው ጨንቆት ነበር። ቀበሌው ለእናቴ ከሐዲዱ ማዶ፣ ከዳገቱ ላይ፣ ቦታ መርቶላታል፤ ጎረቤት ሁሉ ቆርቆሮውን ነቅሎ ወደዚያ ወጥቷል። እሷ ግን በቃ ወይ ፍንክች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ በስልክ ስቀልድባት፣ «ባጫ ሲመጣ የት ብሎ ይግባ? ውሃ ዳር ቆሞ አዮ እያለ ይጣራ?» አለችኝ። አዮ ነው እናታችንን የምንላት። እሷ እግሯን ውሃ እየላሳት እኔ እዚህ ደረቅ አልጋ ላይ እገላበጣለሁ፤ ይሄ ሲያስቡት ያንገበግባል፣ አሁንም እያንገበገበኝ ነው፣ ትራሱንም መልሼ ገለበጥኩት።

እኔ ኢፍቱ ናዝሬት ሆቴል ስሠራ ነው አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ለልጆቹ ሞግዚት ብሎ የቀጠረኝ፤ ሥራው ሲያልቅ ከቤተሰቡ ጋር ጄኖቫ አመጣኝ፣ ልጆቹ አደጉ፣ እኔ ተረፍኩ። አሁን የሲኞር ብሩኖን የጨዋታ ቤት አጸዳለሁ። የጨዋታ ቤት ማለት ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ማሽኖች ግድግዳውን ተደግፈው የሚያላዝኑበት አዳራሽ ነው፤ ሳንቲም ታጎርሻቸዋለሽ፣ መስታወቱ ላይ ትንንሽ ሰዎች ይሯሯጣሉ፣ ይሞታሉ፣ ደግሞ ሳንቲም። መጀመሪያ የሰይጣን ሥራ መስሎኝ አማትቤ ነበር የምወለውላቸው። ከሽንት ቤቱ አጠገብ ያለውን ግን አንድ ቀን ጨርቄን ይዤ ቆሜ አየሁት። ሰው በማይጫወትበት ጊዜ ታሪኩን ራሱ ለራሱ ያወራል፦ ጥቁር ተራራ፣ በላዩ እንፋሎት፣ ከሥሩ ሐይቅ፣ ከሐይቁ ሥር የተጠመጠመ ዘንዶ፤ ዘንዶው ጎኑን ይለውጣል፣ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ውሃው ወደ ላይ መምጣት ይጀምራል። ይሄ የእኛ ሰፈር ነው። ፈንታሌ ነው፣ በሰቃ ነው፣ የኦቦ ገርባ እባብ ናት፤ የጎደለች ላሟ ብቻ ናት።

ብሩኖን ማሽኑን ማን ሠራው ብዬ ጠየቅሁት። ጃፓኖች አለኝ። ጃፓኖች መተሐራን ማን ነገራቸው? ሳቀብኝ፤ ኢፍቱ፣ ተረት እኮ ነው፣ የልጆች ጨዋታ አለ። የጃፓንም ምድር ከሥሩ እሳት ያለበት ነው አሉ፣ ተራራው ይተነፍሳል፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። እንግዲያው እነሱም አንድ ኦቦ ገርባ ነበሯቸው ማለት ነው፤ መሐንዲሱ ለክቶ ሲያበቃ የሚጠየቅ ሽማግሌ። ተራራ ባለበት ሁሉ ከሥሩ የሚገላበጥ ነገር አለ፣ ሰውም ለዚያ ነገር ስም ያወጣል፤ እዚያ በቃል፣ እዚህ በኤሌክትሪክ። ይህን ያህል ካወቅሁ በኋላ ማሽኑን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ብሩኖ ወለሉ ከጸዳ በኋላ በነጻ እንድጫወት ፈቀደልኝ፤ ቶሎ ይሰለቻታል ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ።

የጨዋታው ሰውዬ አውራ ጣት የምታህል ፋኖስ የያዘ ሰው ነው። ከአዳራሽ አዳራሽ እየተሻገረ ይወርዳል፣ ውሃው ከሥር ይሞላል፣ ዜማው ይፈጥናል፣ ትክክለኛውን በር ሳያገኝ ውሃው ከደረሰበት አለቀለት። ከሰዓት በኋላ የሚመጡት ጎረምሶች በሩን በግምት ነው የሚያገኙት፤ ይሮጣሉ፣ ይሰምጣሉ፣ ማሽኑን በእርግጫ ይመታሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እኔ ግን መስታወት ወልዋይ ነኝ፣ ሰው የማያየውን ጥግ የማየት ልማድ አለኝ። በየአዳራሹ አንድ አጽም አለ። ጎረምሶቹ ጌጥ ነው ብለው ያልፉታል። ጌጥ አይደለም፤ እጁን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ላይ ዘርግቷል፣ የሚያሳየውም ትክክለኛውን በር ነው። ቀድሞ የመጣ ሰው ነው እኮ። ቀድሞ መጣ፣ መንገዱን አገኘ፣ መሻገር አልሆነለትም፣ ለሚከተለው ጠቁሞ ሞተ። ያን ቀን አጽሙን እየተከተልኩ ብሩኖ ራሱ ደርሶበት የማያውቅ አዳራሽ ገባሁ። ሲጨርሱ ማሽኑ ስምሽን ጻፊ ይላል፤ ከሦስት የፈረንጅ ፊደል በላይ አይፈቅድም። ከባጫ ስም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጻፍኩ። ማታ ብሩኖ መብራት ሲያጠፋ ማሽኑ ሁሉን ይረሳዋል፤ በነጋታው መልሼ እጽፋለሁ። ባጫ ሌላ የትም ቦታ አልተጻፈም፤ እዚያ እንኳ ይጻፍ አልኩ።

ያን አጽም ሳየው ነው ቋጠሮው ትዝ ያለኝ። ከረዩዎች ሰፈር ሲለቁ አሮጌው በረት ላይ ቅርንጫፍ በጠፍር አስረው ይተዋሉ፣ የቅርንጫፉ ጫፍ የሄዱበትን ያሳያል፤ ከብት ፍለጋ ርቆ የሄደ ልጅ ሲመለስ ባዶ በረት ቢያገኝም አይደነግጥም፣ ቅርንጫፉን አይቶ ይከተላል። ባጫ ከኦቦ ገርባ ልጆች ጋር ከብት ሲጠብቅ ያደገ ነው፣ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሰኔ ላይ ስልክ ቤቱ ካቢና ውስጥ ላብ እያጠመቀኝ ይህንኑ ነገርኳት፤ አዮ፣ ቋጠሮ እሰሪና ውጪ። ከኋላዋ የናዝሬት ጋሪ ይንኳኳል፣ «እኛ ዘላን ነን እንዴ?» አለችኝ። «ቤት ያለው ሰው ምልክት አይተውም፤ ቤቱ ራሱ ምልክት ነው።» የሁለታችን ጆሮ ለየቅል ነው፤ እኔ የምሰማው የማሽኑን ዜማ ነው፣ እሷ የምትሰማው የልጇን ዳና። እኔም አዮ፣ ቤቱማ ውሃ ሊገባ ነው እኮ፣ ውሃ ውስጥ የገባ ምልክት ለማን ይታያል ብዬ ጮህኩ። የስልክ ቤቱ ሴትዮ መስታወቱን በጣቷ አንኳኳች፤ እዚህ አገር ጮክ ብሎ ማልቀስ አይፈቀድም፣ ወይም እኔ እንደዚያ ገባኝ።

ከዚያ አምስተኛው አዳራሽ ላይ ተቀረቀርኩ። ጠዋት ጠዋት እሞክራለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እሰምጣለሁ። አጽሙ ወለሉ ላይ ነው፣ እኔ እስክደርስ ውሃው ይሸፍነዋል፣ የት እንደሚያመለክት አይታይም። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ሰውዬው ሲሰምጥ አያለሁ፣ እናቴ ትታየኛለች። አንድ ቀን ግን ፋኖሷ ልትጠፋ ስትል ቀና አልኩ፤ ከጣሪያው ሥር፣ ከድንጋዩ እርከን ላይ፣ ሌላ አጽም ተቀምጧል። ከወለሉ ይልቅ ላይ ወጥቶ የሞተ። ይሄ ሰው ውሃው እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፤ ጉልበት የቀረው እንደሆነ በዚያች ጉልበቱ ወጣ፣ ከኋላው የሚመጣው ሲያየው እንዲተርፍ። ሐምሌ ላይ ስደውል ከሰላምታው በፊት ያልኩት ይህንኑ ነው። እናቴ ለካስ ከኦቦ ገርባ ጋር መክራ፣ ልቧ ግማሽ መንገድ መጥቶ ነበር፤ ግን ደንቡ ቅርንጫፉ በሰው ደረት ልክ እንዲታሰር ነው፣ ደክሞት የመጣ ሰው አንገቱን አያቀናም ብለዋታል። ደንቡ ለደረቅ መሬት ነው አልኳት። ኦቦ ገርባ ትልቅ ሰው ናቸው አለች። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ግን ውሃውም ትልቅ ነው አልኩ። «አዮ፣ የደጃችን ግራር ጫፍ ላይ፣ ከፍ አድርገሽ እሰሪው።» እስቲ አለችኝ። እስቲ ማለት እሷ ዘንድ እሺም ነው፣ እምቢም ነው። መስመሩ ተቋረጠ። ነሐሴ ላይ ስደውል አልነበረችም።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ዳገቱን ወርጄ ስልክ ቤቱ ገባሁ። ቁጥሩን ለሴትዮዋ ሰጥቼ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፤ አንዱ ከፓሌርሞ ጋር ይነጋገራል፣ አንዱ ከማርሴይ፣ እኔ ከናዝሬት፣ ሁላችንም ጉልበታችንን አቅፈን። ካቢና ኳትሮ ብላ ትጠራኛለች፣ አራተኛውን ካቢና ማለቷ ነው። እጀታው ትኩስ ነበር፣ ቅድም የያዘው ሰው ሙቀት አለበት። ዘርፉ ሃሎ አለች፣ ድምፅዋ ልክ አይደለም፣ ታለቅስ ይሁን ትስቅ አይለይም፣ ቆይ፣ ቆይ አንዴ ትላለች፣ አዮ አለች ወይ እላለሁ፣ ቆይ ትላለች፣ እጀታው ሲቀባበል ይሰማኛል። ውሃ። ውሃ ብቻ ነው የታየኝ። ከዚያ የወንድ ድምፅ፣ የሻከረ፣ ያረጀ፣ የማላውቀው፦

«ካልሲዬን ዛፍ ላይ የሰቀላት ማነው?»

ምን ካልሲ አልኩ። ቀይና ቢጫዋን፣ የስኳር ፋብሪካው የልጆች ኳስ ቡድን የሰጠኝን፣ አንዷ የጠፋችብኝን አለ። ካቢናው ወለል ላይ ቁጢጥ አልኩ፣ ሽቦው እስከሚደርስልኝ ድረስ። ባጫ ነው። ወንድሜ ነው። ስሙን በጠራሁት ቁጥር አቤት ይላል፣ እንደ ልጅነታችን፣ ሳይሰለች አቤት ይላል።

እሱ ያወራል፣ እኔ የካቢናውን ጣሪያ እያየሁ እሰማዋለሁ። ሞቃዲሾ አጠገብ እስር ቤት ነበሩ፤ መንግሥታቱ ታርቀው ነሐሴ ላይ ተለቀቁ፣ በአውሮፕላን ድሬዳዋ ገቡ፣ መንገዱ ሲጠገን በባቡር ተሳፈሩ። ባቡሩ በሰቃ ዳር ሲደርስ ሐዲዱ ስለሳሳ በእግረኛ ፍጥነት መሄድ ጀመረ፤ ሰው ሁሉ ወደ መስኮት፣ ባጫም ወደ መስኮት። ቤታችንን ፈለገ፣ የለም። ሰፈሩን ፈለገ፣ የለም። ሐይቅ ነው፣ እስከ ጥቁሩ ድንጋይ ድረስ ሐይቅ ብቻ። «በእስር ቤት ያላለቀስኩትን እዚያች መስኮት ላይ ልጀምረው ስል» አለኝ፣ ከውሃው መሀል የግራር አናት ብቅ ብሎ አየ። የደጃችን ግራር። ከአናቱ ላይ አንድ ቅርንጫፍ በጠፍር ታስሯል፣ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ቀይና ቢጫ ካልሲ በነፋስ ተነፍታ፣ ጣቶቿ ወደ ሐዲዱ ማዶ፣ ወደ ዳገቱ። እንደ እብድ ሳቀ፤ አብረውት የተፈቱት ነካው ብለው ያዙት፣ እሱ ግን አምልጧቸው ከባቡሩ ዘለለ። ካልሲዋ ወዳሳየችው ዳገት ቀጥ ብሎ ወጣ። አዮ አዲሱን ቤት ጭቃ ስትመርግ ደረሰባት። እጇ ጭቃ እንደሆነ ፊቱን ያዘችው፣ ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው፣ የሐዲዱ ሠራተኞች ዶማቸውን ጥለው ሮጠው መጡ።

ኦቦ ገርባ ናቸው ወይ የወጡት፣ ግራሩ ላይ ማለቴ ነው፣ ብዬ ጠየቅሁት። ወንድሜ ሳቀ። የኦቦ ገርባ ቋጠሮ በደንቡ መሠረት ደረት ልክ ላይ ነበር፤ አሁን ዓሣ ነው የሚያነበው። ግራሩ ጫፍ ድረስ የወጣችው እናታችን ናት፤ በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ እሾህ መሀል፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ ካልሲዋን በጥርሷ ነክሳ። ሽማግሌው ከሥር ቆመው እልፍነሽ ውረጂ፣ እልፍነሽ ነውር ነው እያሉ ሲለምኗት ነበር አሉ። ከዚያ እሷ ራሷ እጀታውን ነጠቀችው፤ እጇ አሁንም በጭረት እንደተሞላ፣ ባለፈው ወር ባቡሩ ቀርቶ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ፣ ቤቱ ደረቅ እንደሆነ ነገረችኝ። ቋጠሮውን ከፍ ማድረግ ግን ከመጀመሪያውም የእሷ ሐሳብ ነበር፤ እኔ ምን ብዬ እንደነበር ረስታዋለች። አላስታወስኳትም። በዓለም ላይ ደስ ብሎኝ የተዘረፍኩት ይህን ብቻ ነው። አልቅሼ፣ ጮክ ብዬ፣ ሴትዮዋ መስታወቱን ስታንኳኳ በመስታወቱ በኩል ሳቅሁባት፣ እሷም ምን ታድርግ፣ ሳቀች።

ያን ማታ ተኛሁ። እንደ ድንጋይ፣ ሕልም እንኳ ሳይደርስብኝ። ጠዋት ወለሉን ወልውዬ ከማሽኑ ፊት ቆምኩ፣ ፋኖሱን ይዤ ወረድኩ፤ የወለሉን አጽም አመሰገንኩ፣ የላዩን ይበልጥ አመሰገንኩ፣ አምስተኛውን አለፍኩ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትንም አለፍኩ። ከሁሉም ሥር ዘንዶው ተጠምጥሞ ነበር። መጥቶ አይበላኝም፣ ቢበላኝም ግድ የለኝም፤ አጠገቡ አንድ አጽም እጁን ወደ ጠባብ ስንጥቅ ዘርግቶ ነበር፣ በዚያ ሾልኬ ወጣሁ፣ ዘንዶውም ጎኑን ለውጦ ተኛ። ብሩኖ መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል፣ ቡናው እጁ ላይ ቀዝቅዟል። ማሽኑ ስም ጠየቀኝ። እጄ እንደለመደው ወደ ባጫ ፊደል ሄደ፤ ከዚያ ተውኩት፤ ባጫ ቤቱ ነው ያለው፣ እዚህ ምን ይሠራል? ከሁሉ በላይ ባለው፣ እጅግ ከፍ ባለው መስመር ላይ ሦስት የፈረንጅ ፊደል ጻፍኩ፦ AYO፤ አዮ።